ትልቁ እንክብል ዳክዬውን ለምን አላወረደም? ለውሃ ወፎች አደን የብረት እንክብል ጥይት ስለ መምረጥ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜናዊ መካከለኛ ግዛቶች በአንዱ፣ በሸምበቆ በተከበበ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ ዳክዬ የሚያድኑ አንድ አጎትና የእህታቸው ልጅ፣ በአንድ የአደን ወቅት ከመቷቸው ወፎች ብዙዎቹን ማንሳት አቃታቸው። ወፎቹ መመታታቸው በግልጽ ይታይ ነበር፤ ላባ ይበናል፣ እግር ይንጠለጠላል፣ አንዳንዱም አየር ላይ ይንገዳገዳል። ሆኖም ከፊሎቹ በረራቸውን ቀጥለው ከዓይን ይሰወራሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ ራቅ ብለው ውሃው ላይ ካረፉ በኋላ ጠልቀው ሸምበቆው ውስጥ ይገባሉ። አጎትየው ምክንያቱን ለመናገር አላመነቱም፤ «እኔ እየመታሁ ነው፤ ብረቱ ነው የማይገድለው» ይሉ ነበር።

እኔ በአካባቢው ለአዳዲስ አዳኞች የጠመንጃ ደህንነትና የጥይት ስርጭት ሙከራ በፈቃደኝነት ስለማስተምር ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። ጉዳዩን መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግሁት፣ ከብረት እንክብል ጋር የሚቸገሩ አዳኞች በአብዛኛው የሚያቀርቡት አቤቱታ ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑና መፍትሔ ብለው የሚወስዱት እርምጃም ችግሩን ሲያባብስ ደጋግሜ በማየቴ ነው። ቆስሎ ያመለጠ ወፍ በሸምበቆ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሞት ወፍ ነው፤ ስለዚህ የጥይት ምርጫ የግል ምርጫ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የአዳኞቹና የመሣሪያዎቻቸው ሁኔታ

አጎትየው በወጣትነታቸው፣ የእርሳስ እንክብል ገና ሳይከለከል፣ በቁጥር 4 እርሳስና በጠባብ ቾክ ዳክዬ ያድኑ የነበሩ ሰው ናቸው። ቾክ የሚባለው እንክብሎቹ ተሰብስበው እንዲሄዱ የአፈሙዙን ጫፍ የሚያጠብበው ክፍል ነው። በሥራ ምክንያት ለረጅም ዓመታት አደን አቁመው ከቆዩ በኋላ፣ የእህታቸውን ልጅ ለማስተማር ሲሉ ተመለሱ። አዲስ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ከፊል አውቶማቲክ ሾትጋን፣ ማለትም በአንድ ተኩስ ብዙ እንክብል የሚተፋ ጠመንጃ ገዙ፤ የጥይት ማጉረሻው 3 ኢንች ወይም 76 ሚሊሜትር ሲሆን ቾኩም እየተፈታ የሚቀየር ነው።

ጥይት ሲገዙ ያሰቡት በጣም ቀላል ነበር። ብረት ከእርሳስ እንደሚቀል ሰምተዋል፤ ስለዚህ ትልቁን እንክብል፣ ፈጣኑን ጥይትና ጠባቡን ቾክ ቢያጣምሩ የጎደለው ሁሉ የሚካካስ መሰላቸው። ቢቢ የሚባለውንና 4.6 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለውን እንክብል፣ በ35 ግራም ማለትም በአንድ አውንስ ከሩብ ጭነት ገዙ። አፈሙዙ ላይም ፉል የሚባለውን በጣም ጠባብ ቾክ አሰሩ።

ወጣቱ የያዘው ከአባቱ የወረሰውን፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን ያለው አሮጌ ሾትጋን ነው። ቾኩ የማይቀየር ጠባብ ቾክ ነው፤ በብረት እንክብል ስለ መተኮስም አፈሙዙ ላይ የተጻፈ ምንም ምልክት አልነበረውም። እሱም አጎቱ ከሰጡት ጥይት አጠር ያለውን እየመረጠ ይተኩስበት ነበር። ይህን ስሰማ ከጠፉት ወፎች ሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ የወጣቱ ጠመንጃ ነበር።

የእርሳስ ክልከላና የአጎትየው ቅሬታ

አጎትየው ሕጉ ያለ በቂ ምክንያት ደካማ ጥይት የጫነባቸው ይመስላቸው ስለነበር፣ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የክልከላውን ምክንያት መነጋገር አስፈልጎ ነበር። ዳክዬ ጥርስ ስለሌለው ምግቡን ጡንቻማ በሆነው ሆዱ ውስጥ የሚፈጨው በሚውጠው ጠጠር ነው። በረግረግ ታች የተጠራቀመ የእርሳስ እንክብል ጠጠር ወይም ዘር ስለሚመስለው ይውጠዋል፤ እርሳሱም በዚያ ወፍጮ ውስጥ እየተፋቀ ወደ ደሙ ይገባል። ጥቂት እንክብሎች፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ፣ ዳክዬን ለመግደል ይበቃሉ። የተመረዘውን ወይም በእርሳስ የቆሰለውን ወፍ የሚበላው ንስርም ይመረዛል።

ፍራንክ ቤልሮዝ የተባሉት የኢሊኖይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት ሥራ፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የውሃ ወፎች ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ በዚህ መንገድ እንደሚሞቱ ገምተው ነበር። ክልከላው በየአካባቢው ደረጃ በደረጃ ሲተገበር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1991 በመላ አገሪቱ የጸና ሆነ። ውጤቱም ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመና በሚሲሲፒ የፍልሰት መስመር ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ማላርድ በተባለው ዳክዬ ላይ በእርሳስ መመረዝ ይደርስ የነበረው ሞት በ64 በመቶ እንደቀነሰና እ.ኤ.አ. በ1997ቱ የበልግ ፍልሰት ብቻ ወደ 1.4 ሚሊዮን የሚጠጉ ዳክዬዎች ከዚህ ሞት እንደተረፉ ገምቷል። ካናዳ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከየካቲት 15 ቀን 2023 ጀምሮ በእርጥብ መሬት ላይና ከዚያ በ100 ሜትር ርቀት ውስጥ በእርሳስ እንክብል መተኮስን ከልክሏል። አጎትየው የንስሮቹን ነገር ሲሰሙ ዝም አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሕጉ ያነሱት ቅሬታ የለም።

የብረት እንክብል ጠባይ

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ አቀርበዋለሁ። የእርሳስ እፍጋት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወደ 11 ግራም ሲሆን የብረት 7.8 ግራም ገደማ ነው። በመጠን እኩል ከሆኑ ሁለት እንክብሎች የብረቱ በክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀላል፤ ቀላል በመሆኑም አየሩ ቶሎ ያዘገየዋል። አምራቾች ይህን ለማካካስ የብረት ጥይትን ከአፈሙዝ በፍጥነት እንዲወጣ ያደርጉታል፤ በሰከንድ ከ400 እስከ 470 ሜትር ድረስ የተለመደ ነው።

በአዳኞች ዘንድ የታወቀው መመሪያ ከእርሳስ ወደ ብረት ሲሄዱ እንክብሉን በሁለት ቁጥር ማሳደግ ነው። በእንክብል ቁጥር ትንሹ ቁጥር ትልቁን እንክብል ያመለክታል። ሒሳቡን ስናየው መመሪያው ትክክል ነው፤ የቁጥር 4 እርሳስ አንዱ እንክብል 0.21 ግራም ሲመዝን የቁጥር 2 ብረት 0.23 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ አጎትየው በቁጥር 4 እርሳስ ያድኑት ለነበረው ዳክዬ ተመጣጣኙ ቁጥር 2 ብረት ነበር። ቢቢ ግን 0.39 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከሚያስፈልጋቸው በላይ ርቀው ሄደዋል፤ ያንን ትርፍ ክብደት የገዙትም የእንክብሎቹን ብዛት በመቀነስ ነው።

ሁለተኛው ጠባይ ጥንካሬው ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ሲተኮስ ከፊሉ እንክብል ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀውም ከመንገዱ ይወጣል። ብረት ክብነቱን ጠብቆ ስለሚወጣ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ስለዚህ በእርሳስ ፉል ቾክ የሚሰጠውን ስርጭት በብረት ለማግኘት ሞዲፋይድ የሚባለው መካከለኛ ቾክ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማጥበቅ ስርጭቱን ሊያበላሽ ይችላል፤ ትልልቅና ጠንካራ እንክብል በጠባብ ቾክ ውስጥ በግድ ሲያልፍም አፈሙዙን ከቾኩ አጠገብ ሊያሳብጠው ይችላል። የጠመንጃ ጥራትን የሚፈትሸው የአውሮፓ ሥርዓት ከ4 ሚሊሜትር የሚበልጥ የብረት እንክብል ከግማሽ ቾክ በላይ በጠበበ አፈሙዝ እንዳይተኮስ የሚያዘውም በዚህ ምክንያት ነው። አጎትየው በቢቢና በፉል ቾክ ያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ችግሩን ለመለየት የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ የተወሰደው ወፍ በሚገነጠልበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካነሷቸው ዳክዬዎች ላባውን ነቅለው ቆዳውን በብርሃን እንዲመለከቱና የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቦታ በወረቀት በተሣለ የወፍ ምስል ላይ እንዲያመለክቱ ጠየቅኋቸው። ውጤቱ ሁላችንንም አስገረመን። በአጎትየው የተመቱት ወፎች ላይ ቀዳዳዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚያም አብዛኞቹ በጭን፣ በወገብና በጅራት ግርጌ ነበሩ። እንክብሉ የደረሰበትን ሥጋ ግን በስቶ አልፏል፤ በአንዱ ዳክዬ ላይ ከጭኑ ገብቶ ሆድ ዕቃውን አቋርጦ በደረቱ አጥንት ላይ የቆመ ቢቢ አገኘን። ብረቱ ዘልቆ የመግባት አቅም አጥሮት እንዳልነበረ ይህ አንድ እንክብል ያሳያል። የጎደለው ብዛቱ ነበር፤ ምቱም ከወፉ አካል ወደ ኋላ ያዘነበለ ነበር።

ሁለተኛው እርምጃ ርቀትን መለካት ነበር። አጎትየው የሚተኩሱበት ርቀት 30 ሜትር ገደማ እንደሆነ ያምኑ ነበር። ከማድፈጫቸው ተቀምጠን በርቀት መለኪያ መሣሪያ ወፎችን ለመሳብ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉትን ሰው ሠራሽ የማባበያ ዳክዬዎች፣ የሸምበቆውን ጠርዝና ብቻውን የቆመውን ደረቅ ግንድ ስንለካ፣ «ግንዱ ጋ ሲደርስ እተኩሳለሁ» ያሉት ግንድ ከ50 ሜትር በላይ ርቆ ተገኘ። በክፍት ውሃ ላይ ዓይን የሚያነጻጽርበት ነገር ስለሌለው እንዲህ ያለ ስሕተት ልምድ ባለው ሰውም ላይ ይደርሳል። በዚያ ርቀት ላይ እንክብሉ ወፉ ጋ ለመድረስ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ተኳሹም አፈሙዙን ከሚበረው ወፍ ፊት አስቀድሞ ካላሳለፈ እንክብሉ ጅራቱን ይመታል። ጠረጴዛው ላይ ያየናቸው ቀዳዳዎች ከዚህ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማሉ።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የወሰደው የወረቀት ሙከራ ነበር። አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ወረቀት በካርቶን ላይ ለጥፈን፣ ከኋላው የአፈር ክምር ባለበት ቦታ በ40 ያርድ ማለትም በ36.6 ሜትር ላይ አቆምን። የብረት እንክብል ጠንካራ ነገር ሲነካ ወደ ተኳሹ ሊነጥር ስለሚችል የብረት ሰሌዳ ወይም ድንጋይ ከኋላ ማድረግ ክልክል ነው፤ የዓይን መከላከያም ሁላችንም አድርገናል። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ቀዳዳዎቹ በብዛት የተሰበሰቡበትን ስፍራ መካከል አድርገን 76 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣልን፤ በክቡ ውስጥ ያለውንም ቀዳዳ በእርሳስ ብዕር እያመለከትን ቆጠርን። አንድ ወረቀት ስለሚያታልል ለእያንዳንዱ የጥይትና የቾክ ጥምረት ተኩሱን ደጋግመን አማካዩን ያዝን።

ከመቁጠሩ በፊት ግን በወረቀት ጀርባ ላይ የሠራነው ሒሳብ ከሙከራው ያላነሰ አስተማረ። በአንድ አውንስ ውስጥ 72 ያህል የብረት ቢቢ፣ 125 ያህል ቁጥር 2፣ 158 ያህል ቁጥር 3፣ 192 ያህል ደግሞ ቁጥር 4 ይገባል። ስለዚህ በአንድ አውንስ ከሩብ ጭነት ውስጥ ቢቢ 90፣ ቁጥር 2 ደግሞ 156፣ ቁጥር 3 ወደ 197 እንክብል ይኖረዋል። ቶም ሮስተር የተባሉት አሜሪካዊ የሾትጋን ጥይት ባለሙያ ለአዳኞች ትምህርት ባዘጋጁት ሰንጠረዥ መሠረት፣ ማላርድን የመሰለ ትልቅ ዳክዬ በእርግጠኝነት ለመግደል በዚያ ክብ ውስጥ ከ85 እስከ 90 እንክብል መገኘት አለበት፤ ለትልቅ ዝይ ግን ከ50 እስከ 55 ይበቃል። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የአጎትየው ጥይት በጠቅላላው 90 እንክብል ብቻ ስለያዘ፣ ለዳክዬ የሚያስፈልገውን ብዛት ለመስጠት ከሞላ ጎደል ሁሉም ክቡ ውስጥ መግባት ነበረባቸው፤ ይህን የሚያደርግ ጠመንጃ ደግሞ የለም። ከ60 በመቶ በላይ ቢገቡ ለዝይ የሚሆን ስርጭት ነው። ማለትም አጎትየው በዳክዬ ላይ የዝይ ጥይት እየተኮሱ ነበር።

ወረቀቱም ይህንኑ አረጋገጠ። ቢቢ በፉል ቾክ ሲተኮስ ክቡ ውስጥ የገባው ከሃምሳዎቹ አላለፈም፤ ይህም ብቻ ሳይሆን ቀዳዳዎቹ በአንድ ጎን ተጨናንቀው በሌላው ጎን የዳክዬ አካል ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ትተው ነበር። ከካርቶን በዳክዬ ልክ የቆረጥነውን ምስል በባዶው ቦታ ላይ ስናስቀምጠው አንድም ቀዳዳ አልነካውም። አጎትየው ያንን ምስል በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ብዙ ቆዩ፤ በቃል ከነገርኳቸው ሁሉ ይልቅ ያሳመናቸው ይህ ነው።

አራተኛው የወጣቱ ጠመንጃ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በብረት እንዳይተኮስበት ተስማምተን ወደ ጠመንጃ ጠጋኝ ወሰድነው። ጠጋኙ የጥይት ማጉረሻውን ሲለካው 65 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ አገኘው፤ አሁን በገበያ ላይ የተለመደው አጭሩ ጥይት እንኳ 70 ሚሊሜትር ነው። ረዘም ያለ ጥይት በአጭር ማጉረሻ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሲተኮስ ግን የቀለሁ አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ስለማያገኝ የባሩዱ ግፊት ከልክ በላይ ይጨምራል። በአንደኛው አፈሙዝ ላይ ከቾኩ በፊት ቀጭን የቀለበት እብጠት መታየት ጀምሮ ነበር፤ ጠጋኙ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሲያሳየን በውስጡ የሚታየው የጥላ መስመር በዚያ ቦታ ላይ ይሰበራል።

በመጨረሻም የጥይት ከረጢታቸውን አየን። ካለፈው ወቅት የተረፉና እርጥበት የነካቸው ጥይቶች አብረው ተቀላቅለው ነበር። ለሙከራ ያህል ጠጋኙ አንዱን ሲከፍተው እንክብሎቹ ዝገው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ በፕላስቲክ ኩባያው ውስጥ አንድ ጓል ሆነው ተገኙ። እንዲህ ያለው ጓል ስርጭት አይኖረውም፤ ለአፈሙዙም አደገኛ ነው። እርጥበት የነካው ሁሉ ተለይቶ ተወገደ።

የሠራው መፍትሔ

ከተሞከሩት ጥምረቶች ለአጎትየው ጠመንጃ የተሻለው ቁጥር 2 ብረት፣ በአንድ አውንስ ከሩብ ጭነት፣ በሰከንድ 430 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነትና በሞዲፋይድ ቾክ ሆነ። በ36.6 ሜትር ላይ በአማካይ ከዘጠና በላይ እንክብል ክቡ ውስጥ ገባ፤ ባዶ ቦታዎቹም ጠበቡ። ቁጥር 3 በዚያው ቾክ ከዚህ የበለጠ ሙሉ ስርጭት ሰጥቷል፤ በማባበያዎቹ ላይ ለሚያርፉ ወፎች እኔ ራሴ የምመርጠው እሱን ነው። አጎትየው ግን ወፍራም ላባ ያላቸው ማላርዶች በሚበዙበት በወቅቱ መጨረሻ ቁጥር 2ን፣ ቲል የሚባሉት ትንንሽ ዳክዬዎች በሚመጡበት በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ቁጥር 4ን ከሞዲፋይድ ሰፋ ባለው በኢምፕሩቭድ ሲሊንደር ቾክ ለመጠቀም ወሰኑ። ምርጫቸው ምክንያታዊ ነው። ትንሽ ወፍ ለመግደል ቀላል ቢሆንም ለመምታት የሚያስፈልገው የስርጭት ጥግግት ከትልቁ ይበልጣል፤ በዚያው ሰንጠረዥ ለትንንሽ ዳክዬዎች የተቀመጠው ከ135 እስከ 145 እንክብል ነው።

ከጥይቱ ለውጥ እኩል የጠቀመው የርቀት ገደብ ነበር። ከማባበያ ዳክዬዎቹ የመጨረሻውን በ32 ሜትር ላይ ለይተው አስቀመጡት፤ ከእሱ ማዶ ባለ ወፍ ላይ ላለመተኮስም ተስማሙ። ግንዱ የመተኮሻ ምልክት መሆኑ ቀረ። አጎትየው መጀመሪያ ላይ ብዙ ወፍ የሚያመልጣቸው መስሏቸው ነበር። ሆኖም ወፎቹ ማባበያዎቹ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው እግራቸውን ለማረፍ እስኪያወርዱ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ሲጀምሩ፣ የሚተኩሱት ጥይት ቀንሶ የሚያነሱት ወፍ ጨመረ። ጠረጴዛው ላይ የሚታዩት ቀዳዳዎችም ወደ አንገት፣ ወደ ደረትና ወደ ክንፍ ግርጌ ተሸጋገሩ።

ሦስተኛው ጥቅም ያስገኘ ነገር ለቆሰለ ወፍ የተለየ ጥይት መያዝ ነው። ቆስሎ ውሃ ላይ የወደቀ ዳክዬ አካሉን አጥልቆ ራሱንና አንገቱን ብቻ ስለሚያሳይ ትልልቅና ጥቂት እንክብል በዙሪያው ያልፋል። ቁጥር 6 ብረት በቅርብ ርቀት ለዚህ በጣም ይሻላል፤ በአንድ አውንስ ውስጥ ከ300 በላይ እንክብል ይይዛል። ሁለቱም አዳኞች ጥቂት ጥይት በደረት ኪሳቸው ለይተው ይይዛሉ፤ ወፍ ቆስሎ እንደወደቀ ሌላ ወፍ ሳያዩ እሱን ይጨርሳሉ። የአገሪቱ ሕግም የመቱትን ወፍ ለማንሳት ተገቢውን ጥረት ማድረግን ያስገድዳል። ግዴታው ባይኖርም እንኳ ከዚህ ሌላ ትክክለኛ መንገድ የለም ብዬ አምናለሁ።

ወጣቱ የአባቱን ጠመንጃ ለዳክዬ መጠቀሙን አቆመ። ቢስመዝ የሚባለው እንክብል በተፈጥሮው ከብረት የለሰለሰና እፍጋቱም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 9.6 ግራም ገደማ ስለሆነ ለብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች የሚስማማ ቢሆንም፣ ያበጠ አፈሙዝ በየትኛውም እንክብል ሊተኮስበት አይገባም። ወጣቱ በብረት ለመተኮስ የተሠራ ሌላ ሾትጋን ገዛ፤ የውርስ ጠመንጃው በክብር ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ያልሠራው

ፈጣኑን ጥይት እንዲሞክሩ ያበረታታሁት እኔ ባልሆንም አልተቃወምኩም፤ መሞከሩም ጠቅሞናል። አንድ አውንስ ከስምንተኛ ቁጥር 2 በሰከንድ 470 ሜትር ገደማ የሚተፋ ጥይት ነበር። በአጎትየው ጠመንጃ ስርጭቱ ከዝግተኛው ጥይት ይልቅ ተበታተነ፤ ምቱም ትከሻቸውን ስለሚገፋ ሁለተኛውን ተኩስ አዘገየባቸው። በአፈሙዝ ላይ የሚገኘው የፍጥነት ብልጫ በአየር ግጭት ቶሎ ስለሚበላ፣ በ36 ሜትር ላይ የሚቀረው ከግማሽ ያነሰ ነው። ለዚያ ትንሽ ትርፍ ሲባል የእንክብል ብዛትን መቀነስ የሚያዋጣ አልነበረም።

ከአንድ ባልደረባቸው የተዋሱት በጣም ጠባብ የሆነ የውጭ ቾክም አልሠራም። ባልደረባቸው በእሱ ጠመንጃ ጥሩ ውጤት እንደሚያገኝበት ይናገራል፤ አላስተባብልም። በዚህኛው ጠመንጃ ግን የክቡ መካከል በጣም ተጨናንቆ ዳሩ ባዶ ሆነ፤ በ25 ሜትር ላይ ደግሞ ወፉን የሚያበላሽና ለስሕተት ቦታ የማይተው ጠባብ ስርጭት ሰጠ።

ከሁሉ በላይ ያልተፈታው የነፋሱ ቀን ነው። ኃይለኛ ነፋስ ከጀርባ ይዟቸው የሚመጡ ወፎች ፍጥነታቸው ስለሚጨምር አጎትየው አሁንም ከኋላቸው ይተኩሳሉ፤ ይህን የሚያስተካክል ጥይት የለም። በሸክላ ዒላማ ላይ ልምምድ ጀምረዋል፤ መሻሻሉም ቀስ እያለ ይታያል። አሠልጥነው የሚይዙት አዳኝ ውሻ ስለሌላቸውም ሸምበቆው ውስጥ የገባ ወፍ አልፎ አልፎ ይጠፋቸዋል። ማድፈጫው ለሸምበቆው በጣም በሚቀርብበት ጎን መተኮስን ማቆማቸው ይህን ቀንሶታል እንጂ አላስቀረውም።

ለሌሎች አዳኞች የሚተላለፍ ትምህርት

ጥይት የሚመረጠው ወፉና ርቀቱ ከታወቁ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ፍጥነት ይጀምራል፤ እኔ ግን ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት እላለሁ፦ መጀመሪያ የሚታደነው ወፍ፣ ቀጥሎ በእርግጥ የሚተኮስበት የተለካ ርቀት፣ ከዚያ የእንክብሉ ቁጥርና የጭነቱ ክብደት፣ በመጨረሻ ቾኩ። ፍጥነት ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታይ ነው።

የአንድ እንክብል ኃይልና የእንክብሎቹ ብዛት በአንድ ሚዛን ላይ ያሉ ናቸው፤ የጭነቱ ክብደት ካልተለወጠ አንዱን ያሳደገ ሌላውን ይቀንሳል። በዳክዬ አደን ተራ ርቀት ላይ ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 ብረት ዘልቆ የመግባት ችግር የለባቸውም፤ ስለዚህ ወፍ እየቆሰለ ሲያመልጥ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የስርጭቱ መሳሳት፣ የርቀቱ መብዛትና የተኳሹ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ወደ ትልቅ እንክብል መሸጋገር ከእነዚህ ሦስቱ አንዱንም አያስተካክልም፤ የመጀመሪያውን እንዲያውም ያባብሰዋል። ዝይ ብቻ ለሚያድን ሰው ግን ቢቢ ተገቢ ምርጫ ሆኖ ይቆያል።

የታደነው ወፍ ራሱ ማስረጃ ነው። ላባ ሲነቀል ቀዳዳ የሚገኝበትን ቦታ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ የጥይት ችግርና የአተኳኮስ ችግርን ለመለየት ግን ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። በዚያው አጋጣሚ ሥጋው ላይ ማግኔት ማሳለፍ ቆዳ ሥር የቀረውን ብረት ለማግኘት ይረዳል፤ ብረት እንደ እርሳስ ስለማይለሰልስ ጥርስ ይሰብራል።

አሮጌ ጠመንጃ ያለው ሰው በብረት ከመተኮሱ በፊት ማጉረሻውን፣ ቾኩንና የአፈሙዙን ሁኔታ በባለሙያ ማስለካት አለበት። በአውሮፓ ፈተና ያለፉና ከፍተኛ ግፊት ያለውን የብረት ጥይት የሚችሉ ጠመንጃዎች የአበባ ቅርጽ ያለው ምልክት ይታተምባቸዋል። ምልክቱ በሌለበትና አምራቹም በጽሑፍ ባላረጋገጠበት ጠመንጃ «እስካሁን ምንም አልሆነም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ የወጣቱም አፈሙዝ ማበጥ የጀመረው ማንም ሳያስተውለው ነው።

ወረቀት ላይ የተገኘው ውጤት የሚያገለግለው ለዚያ ጠመንጃ፣ ለዚያ ቾክና ለዚያ ጥይት ብቻ ነው። የጥይቱ ዓይነት፣ የጭነቱ ክብደት ወይም ፍጥነቱ ሲቀየር ወረቀቱ እንደገና ተዘርግቶ መቆጠር አለበት። አጎትየው በየወቅቱ መጀመሪያ ይህን ያደርጋሉ፤ የቆጠሩትንም ቁጥርና ቀን በጥይት ሳጥኑ ክዳን ላይ ይጽፋሉ፤ ወቅቱ ሲያልቅም የተረፈውን ጥይት ከእርጥብ ከረጢት አውጥተው በደረቅ ቦታ ያስቀምጣሉ።